በኅዳጉ ላይ የተጻፈው ትምህርት

በሴፕቴምበር 1963 የብሪታንያ ሌበር ፓርቲ መሪ ሃሮልድ ዊልሰን ግላስጎው ከተማ ባደረጉት ንግግር ያልተለመደ ሐሳብ አቀረቡ። በራዲዮና በቴሌቪዥን የሚያስተምር፣ ሥራ የያዘ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ የሚማርበት «የአየር ዩኒቨርሲቲ» ይቋቋም አሉ። (ዓመታቱን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ዊልሰን ሶቪየት ኅብረት መሐንዲሶቿን በተልእኮ ትምህርት እንዴት እንደምታሠለጥን አይተዋል፤ አሜሪካኖች ቴሌቪዥንን ለትምህርት ማዋል መጀመራቸውንም ያውቃሉ። የማኅበረሰብ ጥናት ሊቁ ማይክል ያንግም ከዓመት በፊት ስለ «ክፍት ዩኒቨርሲቲ» ጽፈው ነበር። በዚያ ዘመን በብሪታንያ ዩኒቨርሲቲ የመግባት ዕድል የሚያገኘው ወጣት ጥቂት ነው፤ ቴሌቪዥን ግን በየሠራተኛው ቤት ገብቷል።

ይህን የቆየ ታሪክ የማነሣው ዛሬ መምህራን በተገናኘን ቁጥር ከአንድ ጥያቄ ስለማንወጣ ነው። ተማሪው ያስገባውን አሳይመንት ቻትጂፒቲ ይጻፈው እሱ ይጻፈው አይለይም። ማብራሪያውን ማሽኑ የሚሰጠው ከሆነ፣ ጽሑፉንም ማሽኑ የሚጽፈው ከሆነ፣ መምህሩ ለምን ያስፈልጋል? ብሪታንያውያን ይህንኑ ጥያቄ በቴሌቪዥን ስም ጠይቀውት ነበር። የሰጡት መልስ ግን ከስቱዲዮው አልተገኘም፤ እኔ እስከማውቀው ድረስ ዛሬም ከዚያ የተሻለ መልስ አልተገኘም።

በ1964 ሌበር ፓርቲ በጠባብ ልዩነት ምርጫውን አሸነፈ። በቀጣዩ ዓመት ዊልሰን ጉዳዩን ለጄኒ ሊ ሰጧቸው። ጄኒ ሊ ከስኮትላንድ የከሰል ማዕድን ሠራተኛ ቤተሰብ የተወለዱ፣ በ24 ዓመታቸው ፓርላማ የገቡ፣ የብሪታንያን ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ያቋቋሙት የአናይሪን ቤቫን ባለቤት ነበሩ። የመንግሥት ሠራተኞች የአዋቂዎች ትምህርት ማስፋፊያ ዓይነት ነገር ይበቃል ሲሏቸው አሻፈረኝ አሉ። ዲግሪው ከየትኛውም ዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ማነስ የለበትም፤ ለመግባት ደግሞ ምንም የቀድሞ የትምህርት ማስረጃ አይጠየቅ። እነዚህን ሁለት ነገሮች ሳያላሉ ያዙ። ለድሃው ልጅ ዝቅ ያለ ትምህርት ማቅረብ ለእሳቸው ስድብ ነበር፤ እኔም በዚህ ከእሳቸው ጋር ነኝ።

ተቃውሞው ብዙ ነበር። ነባር ዩኒቨርሲቲዎች ተጠራጠሩ። ከኮንሰርቫቲቭ ፓርቲ መሪዎች አንዱ ኢያን ማክሎድ ሐሳቡን የለየለት ከንቱ ነገር ነው ብለው አጣጣሉት። የአየር ዩኒቨርሲቲው ሐሳብ «ኦፕን ዩኒቨርሲቲ» በሚል ስም በ1969 ንጉሣዊ ቻርተሩን አገኘ፤ ተማሪ ሳይቀበል ግን በጁን 1970 ምርጫ መንግሥት ተለወጠና ማክሎድ የገንዘብ ሚኒስትር ሆኑ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በሞት ተለዩ። አዲሷ የትምህርት ሚኒስትር ማርጋሬት ታቸር ዩኒቨርሲቲውን አልዘጉትም፤ አንድን ተማሪ ለማስመረቅ የሚጠይቀው ወጪ ከሌሎቹ ያነሰ መሆኑ ለእሳቸው ሚዛን የሚደፋ ነገር ነበር። በጃንዋሪ 1971 የመጀመሪያዎቹ 24,000 ያህል ተማሪዎች ትምህርት ጀመሩ።

ጋዜጦች ያተኮሩት በቴሌቪዥኑ ላይ ነው። ቢቢሲ በአሌክሳንድራ ፓላስ ስቱዲዮው የቀረጻቸው ፕሮግራሞች፣ በጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆመው የሚያስረዱ ሊቃውንት፣ ሌሊት ተነሥቶ የሚያይ ተማሪ፤ የሕዝቡ ትዝታ ይህ ሆኖ ቀረ። የተማሪው ሳምንት ግን ሌላ መልክ ነበረው። በሳምንት አሥር ሰዓትና ከዚያ በላይ እንዲያጠና ሲጠበቅበት፣ ቴሌቪዥኑ የሚይዘው ግማሽ ሰዓት ገደማ ነበር። የቀረው ጊዜ በፖስታ በሚደርሰው የታተመ ሞጁል፣ በመልመጃው፣ ለሳይንስ ተማሪዎች ደግሞ እቤት ድረስ በሚላከው የሙከራ ዕቃ ሣጥን ላይ ያልፋል። በየጊዜው አሳይመንት ይጻፋል፤ አሳይመንቱም በስም ለሚታወቅ አንድ መምህር ይላካል።

የመጀመሪያው የዩኒቨርሲቲው መሪ ዋልተር ፔሪ የኤዲንብራ የመድኃኒት ሳይንስ ፕሮፌሰር ነበሩ። ወደዚህ ሥራ ያመጣቸው የማስተማር ጥራት ጉዳይ እንደሆነ ራሳቸው ተናግረዋል። በነባር ዩኒቨርሲቲ አንድ ፕሮፌሰር የክፍሉን በር ዘግቶ ሌክቸር ይሰጣል፤ ጥሩ ይሁን መጥፎ የሚያውቁት ተማሪዎቹ ብቻ ናቸው። በፔሪ ዩኒቨርሲቲ ኮርስ የሚዘጋጀው በቡድን ነው። የትምህርቱ ምሁራን፣ የቢቢሲ ፕሮዲዩሰር፣ የማስተማር ዘዴ ባለሙያና አርታኢ አንድ ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ። አንዱ የጻፈውን ምዕራፍ ሌሎቹ አንብበው «እዚህ ጋ ተማሪው ይጠፋል፣ ይህ ምሳሌ አይሠራም፣ እንደገና ጻፈው» ይሉታል። ለብዙ ፕሮፌሰር ይህ የሚያም ነገር ነው፤ ረቂቁን ባልደረባው ፊት አስቀምጦ መተቸት ማንም አልለመደም። ከዚህ ሕመም የወጡት ሞጁሎች ግን ጥሩ ስለነበሩ የሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች መምህራን ገዝተው ይጠቀሙባቸው ጀመር።

ያም ሆኖ ሞጁል ጽሑፍ ነው፤ ተማሪው ምን እንዳልገባው ማወቅ አይችልም። ይህን የሚያውቀው አሳይመንቱን የሚያርመው መምህር፣ ቱተሩ ነበር። ቱተሮቹ አብዛኞቹ የትርፍ ሰዓት ሠራተኞች ናቸው፤ የሌላ ዩኒቨርሲቲ ወይም ኮሌጅ መምህራን፣ ሃያና ሠላሳ ያህል ተማሪ ይዘው በየማታው ወረቀት የሚያርሙ። ሥራቸው ማርክ መስጠት ብቻ እንዳልሆነ ገና ሲቀጠሩ ይነገራቸዋል። በኅዳጉ ላይ መጻፍ አለባቸው፤ ይህ ድምዳሜ ከየት መጣ፣ እዚህ ላይ ልክ ነህ ግን ለምን እንደሆነ አላሳየህም፣ ሦስተኛውን ክፍል እንደገና አንብበው፣ ቀጥሎ ስትጽፍ በዚህ ጀምር እያሉ። ከፋብሪካ ፈረቃ ወጥቶ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ለጻፈ ሰው እንዲህ ያለ መልስ በፖስታ ሲደርሰው ዩኒቨርሲቲ ማለት ያ ወረቀት ነው።

በጣም የማደንቀው ነገር ቀጥሎ ያለው ነው። በ1971 ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተርም ነበረው። ተማሪው ምርጫ ያላቸውን ጥያቄዎች በልዩ ቅጽ ላይ ሞልቶ ይልካል፤ ማሽን ያርመዋል። ያን ያህል ብዛት ላለው ተማሪ ርካሽና ፈጣን መንገድ ነውና ሁሉንም እርማት ወደዚያ ማዞር ይቻል ነበር። አላደረጉትም። በማሽን የሚታረመውንና በቱተር የሚታረመውን ጎን ለጎን አስቀመጡ፤ ማሽኑ ተማሪው ትርጉምና ስሌት መያዙን ይፈትሻል፣ ክርክርና ማስረጃ ያለበት ጽሑፍ ግን ወደ ሰው ይሄዳል። ከዚያ አልፈው የቱተሩን ሥራም ተቆጣጠሩት። ቱተሩ ካረማቸው ወረቀቶች ናሙና እየተወሰደ ሌላ መምህር ያነበዋል። ማርኩ ሚዛናዊ ነው ወይ? አስተያየቱስ ተማሪውን ያስተምራል ወይ? «ጥሩ ነው» ብሎ ብቻ የመለሰ ቱተር እንዲያሻሽል ይነገረዋል። የመምህርን የእርማት አስተያየት እንደ ማስተማር ቆጥሮ የሚመረምር ዩኒቨርሲቲ ከዚያ በፊት ስለመኖሩ አላውቅም፤ አሁንም ብዙ የለም።

ገና በመጀመሪያው ወር የፖስታ ሠራተኞች ሥራ አቆሙ። አድማው ከጃንዋሪ 20 እስከ ማርች መጀመሪያ ዘለቀ። በፖስታ የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ ፖስታ አጣ። የሚላኩትን ጥቅሎች በሌላ መንገድ ማድረስ ግድ ሆነ፤ በየከተማው የተቋቋሙት የጥናት ማዕከላትም ጠቀሙ። ቴሌቪዥኑ በዚያ ወቅት አልተቋረጠም። የጎደለው ሞጁሉና የታረመው ወረቀት ነበር፤ ጭንቀቱም ሁሉ ስለ እነሱ ነበር።

ፖለቲካው በዚህ አላበቃም። ሞጁሎቹ ታትመው በገበያ ላይ ስለሚገኙ ማንም ሰው ዩኒቨርሲቲው ምን እንደሚያስተምር ማንበብ ይችላል። በ1970ዎቹ አጋማሽ ስለ ትምህርትና ማኅበረሰብ የተዘጋጀ ኮርስ፣ በ1984 ደግሞ የማኅበራዊ ሳይንስ መሠረታዊ ኮርስ ወደ ማርክሲዝም ያዘነብላሉ ተብለው ተከሰሱ፤ በሁለተኛው የትምህርት ሚኒስትሩ ኪት ጆሴፍ ራሳቸው ገቡበት። ጉዳዩ አስጨናቂ ነበር። ሆኖም የተዘጋ ክፍል ውስጥ በሹክሹክታ ከሚቀርብ ክስ ይሻላል፤ የተጻፈው ነገር ገጹ ተገልጦ ሊመረመር፣ ሊከራከሩበትና ሊታረም ይችላል። መምህር ምን እንዳስተማረ በጽሑፍ ሲታይ ለከሳሹም ለተከሳሹም መሬት የረገጠ ነገር ይኖራል።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው የሰሜን አየርላንዱ ታሪክ ነው። በ1970ዎቹ ቤልፋስት አጠገብ በሚገኘው ሎንግ ኬሽ፣ በኋላ ሜዝ በተባለው እስር ቤት ለብሪታንያ ዘውድ ታማኝ የሆኑ ታጣቂዎችና አየርላንድን አንድ ለማድረግ የሚዋጉ ታጣቂዎች በተለያዩ ግቢዎች ታስረው ነበር። ውጭ ቦምብ ይፈነዳል፣ ሰው ይገደላል። የኦፕን ዩኒቨርሲቲ ቱተሮች ወደዚያ እስር ቤት እየገቡ ለሁለቱም ወገኖች አስተማሩ። ሞጁሉ አንድ ነው። ጥያቄው አንድ ነው። ለአንዱ ግቢ የሚስማማ፣ ለሌላው ግቢ የሚስማማ ተብሎ የተለየ ትምህርት አልተዘጋጀም። ቱተሩ የእስረኛውን ፓርቲ አይነካም፣ አያወግዝም፣ አያሞግስም፤ ድምዳሜህ ከየትኛው ማስረጃ መጣ ብሎ ይጠይቃል። ተቃራኒህ እንዴት ይመልስልሃል ብሎ ይጠይቃል። ከታማኞቹ ወገን የታሰሩት ዴቪድ ኧርቫይን በዚያ እስር ቤት የኦፕን ዩኒቨርሲቲ ትምህርት ተከታተሉ፤ በኋላ ለ1998ቱ የሰላም ስምምነት ከታገሉት አንዱ ሆኑ፤ የትንሽ ፓርቲ መሪም ሆነዋል። ከሌላው ወገን በ1981 የረሃብ አድማ 70 ቀን የቆዩት ሎረንስ ማኪዮን እዚያው ታስረው ዲግሪያቸውን ያዙ፤ ከእስር ሲወጡም እስከ ዶክትሬት ድረስ ገፉበት። ሰላሙን ያመጣው ዩኒቨርሲቲው ነው አልልም። በብሔርና በፖለቲካ የተከፋፈለ ክፍል ፊት ለሚቆም የእኛ አገር መምህር ግን እነዚያ ቱተሮች ያደረጉት ነገር በቂ ምሳሌ ነው፤ ለሁሉም አንድ ጥያቄ፣ ለሁሉም አንድ የማስረጃ መስፈሪያ።

ኢትዮጵያም ይህን ዩኒቨርሲቲ በቅርብ ታውቀዋለች። በ1970ዎቹ አጋማሽ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርታቸውን አቋርጠው በረሃ የወረዱት አቶ መለስ ዜናዊ፣ አገር እየመሩ ከዚሁ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ በ1995 በቢዝነስ አስተዳደር ማስተርስ ተመርቀዋል። ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ2004፣ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤታችን የፕላዝማ ቴሌቪዥን ገባ። በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀው ትምህርት በሳተላይት በእንግሊዝኛ ይተላለፍ ነበር። ስክሪኑ የክፍለ ጊዜውን አብዛኛውን ክፍል ይወስዳል፤ ተማሪው ባይገባው መምህሩ ማስቆም ወይም መመለስ አይችልም። ለመምህሩ የቀሩት መግቢያና መዝጊያ ላይ ያሉ ጥቂት ደቂቃዎች ነበሩ። ፕላዝማውን ያመጡት ሰዎች ቅን ዓላማ ነበራቸው፤ የገጠሩ ተማሪ ከከተማው እኩል ጥሩ ትምህርት ይድረሰው የሚል ነበር ሐሳቡ፤ ጄኒ ሊም የፈለጉት ይህንኑ ነው። ልዩነቱ የብሪታንያውያኑ ስክሪን በሳምንት ግማሽ ሰዓት ይዞ የቀረውን ጊዜ ለሚጽፈውና ለሚያርመው መተዉ ላይ ነው። በእኛ ዘንድ ስክሪኑ የመምህሩን ጊዜ ወሰደ።

አሁን ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት መጥቷል። ብዙ ባልደረቦቼ አሳይመንት ትተው ሁሉን ነገር በክፍል ውስጥ ፈተና እያደረጉት ነው። ምክንያታቸው ይገባኛል፤ ቢሆንም ተማሪው ለብቻው ተቀምጦ ሐሳቡን በጽሑፍ የሚሠራበትን ብቸኛ ጊዜ መንፈግ ነው የሚሆነው። ከ1971ዱ ልምድ የምወስደው ሌላ መንገድ ነው። ትርጉምን፣ ስሌትንና ቃላትን መፈተሽ ለማሽኑ ይሰጥ፤ እዚያ ጎበዝ ነው፣ አይደክመውም። ክርክር ያለበት ጽሑፍ ግን በደረጃ ይሠራ። ተማሪው መጀመሪያ ረቂቅ ያስገባል፤ መምህሩ በኅዳጉ ላይ ሦስት ጥያቄ ይጽፋል፤ ተማሪው ለሦስቱ መልስ ሰጥቶ ያሻሽላል፤ በመጨረሻም አምስት ደቂቃ ተቀምጦ ስለ ጽሑፉ ይጠየቃል። ማሽን የጻፈለት ተማሪ እዚህ ላይ ይታወቃል፤ ከማወቅ ይልቅ ግን ደስ የሚያሰኘው ብዙው ተማሪ ጥያቄ የሚጠይቀው ሰው እንዳለ ሲያውቅ ራሱ መጻፍ መጀመሩ ነው። ይህ ሰማንያ ተማሪ ላለው ክፍል በየሳምንቱ አይቻልም። በሴሚስተር አንድ ጊዜ ግን ይቻላል፤ አንድ ጊዜ የታረመና የተመለሰ ወረቀት ማርክ ብቻ ይዞ ከተመለሰ አምስት ወረቀት ይበልጣል።

እንቅፋቱ ቴክኖሎጂው አይደለም። የመምህር ሎድ በብዙ ቦታ የሚሰላው በክሬዲት ሰዓት ነው፤ ሰሌዳ ፊት የቆመበት ሰዓት ይቆጠራል፣ ወረቀት ላይ ጎንበስ ብሎ ለተማሪ መልስ የጻፈበት ምሽት አይቆጠርም። ባልተቆጠረ ሥራ ላይ ማንም ለረጅም ጊዜ አይጸናም። ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ቱተሩን ለእርማቱ ከፈለው፣ እርማቱንም አነበበው። የሚቀጥለው ዓመት የኮርስ ድልድል ሲሠራ የትምህርት ክፍል ኃላፊዎችና ዲኖች ከሎድ ቅጹ ላይ አንድ መስመር ይጨምሩበት፦ በጽሑፍ ለተማሪ ለሚሰጥ መልስ የሚውል ሰዓት። ከዚያም በሴሚስተሩ አጋማሽ ከታረሙት ወረቀቶች ጥቂቱን አንሥተው፣ ማርኩን አልፈው፣ ኅዳጉን ያንብቡ።