ንስሐ በግድ ይሆናልን?

በደለኛ ልቡን ይመልስ ዘንድ ከሰው ርቆ ብቻውን መቀመጥ ይገባዋል የሚለው አሳብ በገዳማውያን አበው ዘንድ የቆየ ሲሆን፣ ይህንኑ አሳብ ከበአት አውጥተው ወደ ወህኒ ቤት በሰፊው ለማስገባት የደፈሩት ግን በአሜሪካ የፊላደልፊያ ሰዎች ናቸው። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1829 በዚያች ከተማ የተከፈተው ታላቅ ወህኒ ቤት እስረኛውን ሁሉ በየክፍሉ ለብቻው እየዘጋ፣ ብርሃኑን ከጣራ በምትወርድ ጠባብ መስኮት እየሰጠ፣ ከክፍሉም ሲያወጣው ማንንም እንዳያይ ማንም እንዳያውቀው ፊቱን እየሸፈነ፣ ከቅዱስ መጽሐፍና ከእጅ ሥራው ጋር ይተወው ነበር። ይህን ሥርዐት ያሰቡት ሰዎች ጨካኞች አልነበሩም፤ ግርፋትንና በአንድ አዳራሽ መታጎርን ለማስቀረት የተነሡ ርኅሩኆች ነበሩ፤ ነገሩን ይበልጥ የሚያሳዝነውም ይኸው ነው። በ1842 የጎበኘው እንግሊዛዊው ደራሲ ቻርልስ ዲክንስ ብቸኝነቱ ከሥጋ ሥቃይ ሁሉ የከፋ መሆኑን መሰከረ።

ባሕታዊ ወደ በረሓ የሚወርደው ወዶ ነው፤ ወርዶም እንኳ የሚናዘዝለት አባት አያጣም። የፊላደልፊያው እስረኛ ግን የባሕታዊው ጭንቅ ተሰጥቶት ፈቃዱና አባቱ ተነፍገውታል።

ፊላደልፊያ በግንብ የፈለገችውን በ1841 በቦስተን ከተማ ጆን ኦገስተስ የሚባል አንድ ጫማ ሠሪ በዋስትና ፈለገው። በስካር ተከሶ የቀረበን ሰው በዋስ አስለቅቆ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ መጠጥ ትቶ መልኩ ተለውጦ ወደ ችሎቱ ቢመልሰው፣ ዳኛው ለስም ያህል አንድ ሳንቲም ቀጥቶ አሰናበተው። ጫማ ሠሪው በ1859 እስኪሞት ድረስ ወደ 2000 ለሚጠጉ ሰዎች ዋስ ሆነ። የእኛም የንስሐ አባት ጾሙን፣ ስግደቱንና ምጽዋቱን ቀኖና አድርጎ ሲሰጥ ተነሳሒውን ከቤቱና ከእርሻው አያወጣውምና፣ ለዚህ መንገድ ልባችን ቅርብ ቢሆን አያስደንቅም።

ነገር ግን በ1878 የማሳቹሴትስ መንግሥት ይህን ምግባር በሕግ አጽንቶ ደመወዝተኛ ሹም ሲሾምለት ጠባዩ ተለወጠ። የንስሐ አባት የሰማውን በልቡ ይዞ ይቀበራል፤ ሹሙ ግን ያየውን ለፍርድ ቤት ይጽፋል፤ ስለዚህ በእርሱ ፊት የሚፈሰው እንባ የጸጸት ይሁን የፍርሀት ማን ይለየዋል?

በአገራችንም እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1949 ዓ.ም. የወጣው የቀድሞው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የቅጣቱን ሁለት ሦስተኛ የፈጸመ እስረኛ በአመክሮ እንዲፈታ ሲፈቅድ፣ ሥራውና ጠባዩ መሻሻሉን እንዲያሳዩ፣ ለተበደለውም በተቻለው መጠን እንዲክስ አዘዘ። ከእነዚህ ሁሉ እኔ የምተማመነው በካሳው ነው፤ የተዘረፈ በሬ ሲመለስ፣ መላሹ አዘነም አላዘነ፣ የባለቤቱ ማሳ ይታረሳልና። ነፍስ ያጠፋ እንደ ሆነ ግን ለሟች ልጆች የሚመጥን ካሳ ከየት ይመጣል? በዚህ ጊዜ ዳኛው የወህኒ አዛዡ ስለ እስረኛው ጠባይ የጻፈውን ወረቀት ከማንበብ በቀር ሌላ መንገድ የለውም።