«አብሽሪ» ማለት መዋሸት ነውን?

በእኛ በወሎ፣ ሲሪንቃም ሆነ መርሳ፣ በሽተኛ ሊጠይቅ የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚላት ቃል «አብሽር» ናት። እስላሙም ክርስቲያኑም ይላታል። ታዲያ አንድ ነገር ሲከነክነኝ ቆየ፤ ልቡ ክፉኛ የደከመን፣ መዳኑ የሚያጠራጥርን ሰው «አብሽር» ማለት ደግነት ነው ወይስ ሽንገላ?

ጥያቄው ከመጽሐፍ አልመጣብኝም። አክስቴ ልባቸውን ታመው ከሲሪንቃ ሆስፒታል ሲወሰዱ አስታማሚያቸው እኔ ነበርኩ። ሌሊት ጋደም ሲሉ ትንፋሽ ያጥራቸውና ብድግ ይላሉ፤ እጄን ጨምድደው ይይዛሉ። ጠያቂው ሁሉ «አብሽሪ፣ ምንም የለብሽ!» ይላል። ሐኪሙም ነገሩን ለአጎቴ በር ላይ በሹክሹክታ ነገረው እንጂ ለእሳቸው አልነገረም። አክስቴ ግን ሹክሹክታውን አይተዋል። ያን ሌሊት ጨርሶ አልተኙም።

በማግስቱ የማታ ተረኛዋ ሲስተር መጣች። ትራሱን ከፍ አድርጋ አስደግፋቸው፣ «እትዬ፣ የሚያፍንዎት ሳንባዎ ውስጥ የተጠራቀመ ውሃ ነው፤ ልብዎ ስለደከመ ነው። ይህ መርፌ በሽንት ያወጣዋል። ቶሎ ቶሎ ያሸናዎታልና እንዳይደነግጡ። እየተመላለስኩ አይዎታለሁ» አለቻቸው። እንዳለችውም ተመላለሰች። አክስቴም እንቅልፍ ወሰዳቸው። መርፌው ነው ወይስ ቃሉ? ሁለቱም ይመስለኛል።

ፍርሃት እኮ በሐሳብ ብቻ የሚቀር ነገር አይደለም። ሰው ሲጨነቅ አድሬናሊን ደሙ ውስጥ ይበዛል፤ ልቡ ይፈጥናል፤ የደም ግፊቱ ይጨምራል፤ ልቡ የሚፈልገው ኦክሲጅንም እንዲሁ። ለደከመ ልብ ይህ በሸክም ላይ ሸክም ነው። ፍሎረንስ ናይቲንጌልም እ.ኤ.አ. በ1859 ባሳተመችው የነርስነት መጽሐፍ፣ በሽተኛን ከድካም ይበልጥ የሚጎዳው ሥጋትና ምን እንደሚመጣ አለማወቅ መሆኑን አስገንዝባለች። እንግዲህ ማረጋጋት የሕክምናው አካል እንጂ ምርቃት አይደለም።

«አንዲት ነርስ ስንቱን ታጽናና?» የሚል ይኖራል። እውነት አለው፤ የሰው እጥረቱን በእሷ ትከሻ ላይ መጫን ግፍ ነው። ግን የዚያች ሲስተር ንግግር ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ደግሞም በአገራችን ብዙ ወጣቶችን የሚጎዳውን የሩማቲክ የልብ በሽታ እናስብ። በልጅነት የጉሮሮ ሕመም ይጀምራል፤ እንዳይብስ የፔኒሲሊን መርፌ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ ለዓመታት መወጋት ያሻል። ቀዶ ሕክምና ካስፈለገም በ2001 ዓ.ም. በጥቁር አንበሳ ግቢ የተከፈተው የልብ ማዕከል ከሲሪንቃ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በመጀመሪያው ቀን ተገላምጦና ፈርቶ የወጣ ልጅ ለቀጣዩ መርፌ ይመለሳልን?

ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። በሽታውን የሚክድ «አብሽሪ» በሽተኛውን ከሚያውቀው ሕመሙ ጋር ብቻውን ይተወዋል። ይህ ሽንገላ ነው። ሲስተሯ ግን «ይድናሉ» አላለችም፤ ልትፈጽም የምትችለውን ብቻ ቃል ገባች፤ ፈጸመችም። ይህ ሐሰት አይደለም።

እርግጥ ሁሉም ሰው ሁሉን ማወቅ አይፈልግ ይሆናል። እንዲህ ከሆነ መጠየቅ ነዋ! እኔ ከእንግዲህ በሽተኛ አልጋ አጠገብ ስቆም፣ «አብሽሪ» ከማለቴ በፊት «የሚያስፈራሽ ምንድን ነው?» እላለሁ።