የእሳቱ ዕዳ



በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 22 ሳናስተውላት የምናልፋት አንዲት አጭር ሕግ አለች። ሰው በእርሻው ላይ እሳት ቢያነድድና እሳቱ እሾሁን ይዞ ከባልንጀራው የእህል ክምር ቢደርስ፥ የጠፋውን ሁሉ ያነደደው ሰው ይክፈል ትላለች። ሕጉ የሰውየውን አሳብ አይመረምርም። እሾሁን ብቻ ሊያጠፋ ፈልጎ ይሆናል፤ ነፋሱ ቀድሞት ይሆናል። ዕዳው ግን የእርሱ ነው።

ይህን ስናነብ በ1992 ዓ.ም. በባሌና በቦረና ደኖች ላይ የደረሰው ይታወሰናል። በዚያ የድርቅ ዓመት እሳቱ ከመቶ በላይ በሆኑ ስፍራዎች ተነሥቶ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሄክታር ደን በላ። ገበሬው፥ ወታደሩና ተማሪው ሊያጠፉት ዘመቱ፤ ከጀርመን፥ ከደቡብ አፍሪካና ከአሜሪካም ባለሙያዎች መጡ። በመጋቢትና በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. ደግሞ የዋልያ መኖሪያ የሆነው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ተቃጥሎ፥ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ሠራተኞች፥ ከኬንያም ሄሊኮፕተር እስከ መለመን ደረስን።

ማን ለኮሰው? በአገራችን መብረቅ የሚያስነሣው እሳት ጥቂት ነው፤ አብዛኛው ከሰው እጅ የወጣ ነው። እረኛው አሮጌው ሣር ነድዶ ለከብቶቹ ለምለም እንዲበቅልላቸው ይለኩሳል። ማር ቆራጩ ንቡን በጭስ ሲያባርር ፍሙ ከዛፉ ሥር ይወድቃል። ገበሬው መሬት ሲመነጥር፥ ከሰል አክሳዩም ፍሙን በሚገባ ሳያዳፍን ሲሄድ እሳቱ ያመልጣቸዋል። ከእነዚህ አንዱም ደኑን ልፍጀው ብሎ አልተነሣም፤ አብዛኞቹም ድኾች ናቸው። የደጋው አስታ ቢቃጠል ከሥሩ መልሶ ያቆጠቁጣል፤ እረኞችም ይህን ከእኛ ይልቅ ያውቃሉ። ጥድ ግን አንዴ ከነደደ አያቆጠቁጥም። ከዘር ተነሥቶ እንደገና ጥላ እስኪሆን ድረስ የለኮሰው ሰው ዕድሜ አይበቃውም።

ባልንጀራውስ ማነው? ቅጠሉና ሥሩ አፈሩን ይዞ ዝናሙን በቀስታ ወደ ምድር ያሰርገዋል። እሳት ካለፈ በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያ ዶፍ አመዱንና አፈሩን ጠርጎ ይወስዳል፤ በበጋ ሊፈስስ የሚገባው ምንጭ ይደክማል። ከባሌ ተራሮች የሚወርደው ውኃ ዋቤ ሸበሌንና ገናሌን እየመገበ እስከ ሶማሊያ ይዘልቃል። እንግዲህ ጎዴ ላይ ከወንዙ የምትቀዳው፥ የባሌን ደን በዓይኗ አይታ የማታውቀው እናት፥ ኦሪት የሚናገርለት ባልንጀራ እርስዋ ናት። ተራሮቹ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገቡ ደስ ብሎናል፤ መዝገብ ግን እሳት አያቆምም።

በልደታ የምንኖረው እኛም ከዚህ ነጻ አይደለንም። ከመንገድ ዳር የተደረደረው የከሰል ጆንያ ከየት እንደ መጣ ጠይቀን እናውቃለን? መብራት በጠፋ ቀን፥ ቡናም በምናፈላበት ጊዜ ሁላችንም ፍም እናያይዛለን፤ ሌላ መንገድ የሌላትን እናት ልንወቅሳት አንደፍርም። ነገር ግን ከሰል ሁሉ አንድ አይደለም። በአዊ ገበሬዎች ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ራሳቸው ተክለው፥ ራሳቸው ቆርጠው አክስለዋል፤ ይህ የእርሻ ፍሬ ነው። ከጥንቱ ደን ወይም ከቆላው ግራር ተሰርቆ የሚመጣው ግን ሌላ ነው። አቅም ያለው ሰው ለይቶ ለመግዛት ቢጠይቅ ነጋዴውም መጠየቅ ይጀምራል።

ነፍሳቸውን ይማርና ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጡት «ላውዳቶ ሲ» በተባለው መልእክታቸው፥ የቊስጥንጥንያውን ፓትርያርክ በርተሎሜዎስን ጠቅሰው፥ ፍጥረትን ማጥፋት ኃጢአት መሆኑን አስተምረዋል። ታዲያ ለኑዛዜ ስንዘጋጅ በኅሊና ምርመራችን ውስጥ ይህን ያስገባን ስንቶች ነን? እኛ ካህናቱም አስቀድመን ልንጠየቅበት ይገባል፤ ስለ ስርቆት ስንሰብክ የተሰረቀው ካልተመለሰ ንስሐው ጎዶሎ ነው እንላለን፥ ስለ ደን ግን ዝም እንላለን። በክረምት ችግኝ ተክሎ፥ ፎቶግራፍ ተነሥቶ፥ በበጋ ሳያዩት መቅረት ዕዳ መክፈል አይደለም።

የደናችን የእሳት ወራት ከጥር እስከ ሚያዝያ ነው፤ ዐቢይ ጾምም የሚውለው በእነዚሁ ወራት ነው። በጾሙ ከምናተርፈው ጥቂቱን፥ ባለፈው ክረምት ለተከልነው ችግኝ ውኃ ለሚያጠጣ ሰው ደመወዝ እናውለው።