የጎሚስታው ደብተር

ሞጆ ላይ አንድ ጎሚስታ ነበር አሉ። ደጃፉ አሮጌው የአዳማ መንገድ ነው፤ ወደ አዳማና ወደ ሐረር የሚወርድ ሚኒባስና አውቶብስ ሁሉ በፊቱ ያልፋል። የሞቀው አስፋልት ጎማ በበላ ቁጥር እሱም ይበላል።

አንድ ቀን አዳማ ውስጥ ነጋዴዎችን የምታሠለጥን የቢዝነስ አማካሪ ጎማ ተንፍሶባት ቆመች። ከመነዳሪውን ውሃ በሞላ ሳፋ እየነከረ አረፋ የሚወጣበትን ሲፈልግ አየችና፣

"ጋሼ፣ ገቢና ወጪዎን ይጽፋሉ?" አለችው።

"ልጄ፣ ብሩ እየመጣ ምኑን እጽፈዋለሁ?"

"መንገዱ አንድ ቀን ቢተውዎትስ?"

"መንገድ እግር አለው እንዴ?" ብሎ ሳቀባት። ባተረፈው ለፎቅ የሚሆን ብረት ይገዛ ነበር።

በ2007 መባቻ የአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ ተመረቀ። አዲሱ መንገድ ዱከምን፣ ቢሾፍቱንና ሞጆን በጎን ትቶ ያልፋል። የሚቸኩል ሁሉ ከፍሎ በዚያ በኩል ሆነ፤ ኮምፕሬሰሩ ሥራ ፈትቶ ዋለ፣ አደረ። በአንድ ገቢ ብቻ ተማምኖ የተቸገረ ግን እሱ ብቻ አልነበረም፤ በዚያው ዓመት የነዳጅ ዋጋ ወድቆ፣ ነዳጅ እየሸጠች የምትኖረው አንጎላ በጀቷን እንደገና ለመጻፍ ተገደደች። አገርም ሰውም አማካሪ የሚፈልጉት ካዝናው ከጎደለ በኋላ ነው፤ ምክሩን ለመሞከር ደግሞ ገንዘብ ያስፈልጋል።

ጎሚስታው ሴትዮዋን አዳማ ድረስ ሄዶ አገኛት። ሰርተፊኬት የሚያሰጥ ሥልጠና ትነግረኛለች ብሎ ሲጠብቅ፣ "እጅዎ ምን ያውቃል?" አለችው።

"ጎማ።"

"የሚያፈስ መድፈን ይበሉት እንጂ። ቆቃ ወርደው ያውቃሉ?"

ብረቱን ሸጦ ሞተር ሳይክል ገዛ፤ ማስቲሹንና መሞረጃውን ጭኖ ወረደ። ቆቃና መቂ ሽንኩርቱ በውሃ ሞተር ነው የሚጠጣው። መሳቢያ ቱቦው የመርፌ ቀዳዳ ታህል እንኳ ከተነፈሰ፣ ሞተሩ አየር እየሳበ ይጮሃል እንጂ ውሃ አያወጣም፤ ገበሬው ነዳጁን በከንቱ ያቃጥላል። ለዚህ ደግሞ ከጎሚስታ የተሻለ ሐኪም የለም። ሒሳቡ የሚከፈለው ሽንኩርቱ ሲሸጥ ስለሆነ፣ ሳይወድ በግድ ደብተር ያዘ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሴትዮዋ ልትጠይቀው መጣች። ደብተሩን ገልጣ ከላይ እስከ ታች አየችው፤ የሽንኩርት ገበሬ ስም ብቻ ነው።

"ጋሼ፣ ሽንኩርት የረከሰ ዕለትስ?"

በጉልበቶቹ መሃል ቱቦ ይዞ ይሞርዳል፤ ሦስት ሰው ቆሞ ይጠብቀዋል።

"ልጄ፣ አሁን ለወሬ ጊዜ የለኝም" አላት። ቀና ሳይል ረዳቱን ተጣራ፤ "አንተ ልጅ፣ እጅህን ታጠብና ከእሷ ጋር ተቀመጥ። የምትልህን ጻፍ።"