ለደከመ ፈረስ የሚገባው መኖ

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይባላል። ያደረሰን ፈረስ ሲያረጅ ወይም ሲታመም ግን ዕዳችን ምንድን ነው? ብዙዎቻችን ገብስ አብዝቶ መስጠት ውለታን መክፈል ይመስለናል። ነገር ግን ዕውቀት ያልመራው ርኅራኄ ጉዳት ይሆናል።

የፈረስ ጨጓራ የሚይዘው ከ8 እስከ 15 ሊትር ገደማ ብቻ ነው፤ የበላውንም ሊያስመልስ አይችልም። በረኃብ የከሳ ፈረስ በአንድ ጊዜ ብዙ እህል ቢሰጠው፥ እህሉ በትልቁ አንጀቱ ውስጥ ይቦካና የሆድ ቁርጠት ያመጣበታል፤ ሰኮናውንም ከውስጥ ያሳምመዋል፤ እስከ ሞት ሊያደርሰውም ይችላል። ለእንዲህ ያለው ፈረስ የሚበጀው ጥሩ ድርቆሽ ጥቂት በጥቂት እየደጋገሙ መስጠት ነው። ጥርሱ ያለቀ ፈረስ ደግሞ ድርቆሹን አላምጦ ለመዋጥ ስለሚቸገር፥ መኖው ደቅቆ በውሃ ሊርስለት ይገባል።

እንግዲህ ለሁሉ እኩል መስፈር ፍትሕ ቢመስልም፥ እውነተኛው ፍትሕ የእያንዳንዱን ችግር መርምሮ በልኩ መስጠት ነው። ጥርሱን ሳንመለከት፥ የሆዱንም ጠባይ ሳናውቅ የምንሰፍርለት አንድ ቁና ገብስ ለኅሊናችን ዕረፍት እንጂ ለፈረሱ ምግብ አይሆንም።