ደመ ግቡ ዲስክ

«ለእጄ ተመቸኝ» ማለት ምክንያት ነው ወይስ ምክንያት ላለመስጠት የምንደበቅበት ጥግ? ጥያቄው የፈላስፋ ይመስላል። እኔ ዘንድ ያመጡት ግን የእህቴ ልጅና አንድ የፕላስቲክ ሳህን ናቸው።

ሳህን ያልኩት ለአንባቢ እንዲቀል ነው። ስሙ ዲስክ ነው፤ ጨዋታውም ዲስክ ጎልፍ ይባላል። አሜሪካኖች ፍሪስቢ ብለው መናፈሻ ውስጥ የሚወረዋወሩትን ክብ ነገር በፊልምም ቢሆን ያላየ ያለ አይመስለኝም። ዲስክ ጎልፍ የሱ የአጎት ልጅ ነው። ከመነሻው ትወረውራለህ፤ ከወደቀበት አንስተህ እንደገና ትወረውራለህ፤ በመጨረሻ ሰንሰለት የተንዠረገገበት የብረት ቅርጫት ውስጥ ትከታለህ። በትንሽ ውርወራ የጨረሰ አሸናፊ ነው። እኔ በምኖርበት በሜሪላንድ ሴኔካ ክሪክ የሚባል ፓርክ አለ፤ በዛፎቹ መሃል ዲስካቸውን የሚያሾልኩ ሰዎች ቅዳሜና እሁድ አይታጡበትም። የእህቴ ልጅ አንዱ ነው። እኔ አጃቢ ነኝ፤ ቦርሳ እይዛለሁ፣ ያልተጠየቅሁትን አስተያየት እሰጣለሁ።

የጨዋታው አባት ኤድ ሄድሪክ ይባላል። ዋም-ኦ በተባለው የመጫወቻ ዕቃ ኩባንያ ውስጥ ፍሪስቢን ያሻሻለው እሱ ነው። የመጀመሪያው ቋሚ ሜዳ እ.ኤ.አ. በ1975 ካሊፎርኒያ ውስጥ ኦክ ግሮቭ ፓርክ ላይ ተዘረጋ፤ በዓመቱ ሄድሪክ የተጫዋቾቹን ማኅበር መሠረተ፤ ባለ ሰንሰለቱ ቅርጫትም የሱ ፈጠራ ነው። በ2002 ሲሞት በፈቃዱ መሠረት ሬሳው ተቃጥሎ አመዱ ከፕላስቲክ ጋር ተቀላቀለና ዲስክ ሆነ። ለሀገሩ አፈር ለሚሳሳ እንደኛ ላለ ሰው ነገሩ ይዘገንናል። ቢሆንም ከሕይወቱም ከሞቱም ያልተለየው ነገር በሰው እጅ እየተዳበሰ እንዲኖር መመኘቱን አልንቅበትም።

ታዲያ ዲስክ ሁሉ አንድ አይደለም። ለሩቅ የሚወረወረው ጠርዙ ሰፊና ስል ነው። ቅርጫቱ አጠገብ ሲደረስ ከቦርሳ የሚወጣው ሌላ ነው፤ ፑተር ይሉታል። ጠርዙ ጠባብና ድብልብል፣ አበራሩ ዝግ ያለ፣ ክብደቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ170 እስከ 175 ግራም ነው። ከቅርጫቱ ዙሪያ በ10 ሜትር ክልል ውስጥ ጨዋታው የትከሻ መሆኑ ቀርቶ የጣት ይሆናል፤ ብዙ ሰው የሚሸነፈውም እዚያ ነው። ስለዚህ ተጫዋች ሌሎቹን ዲስኮች በወሬ ይገዛል፤ ፑተሩን ግን ለጋብቻ እንደታሰበ ሰው ያስጠናዋል።

ከልጁ ጋር ሱቅ የገባሁ ዕለት አንድ ሰዓት ሙሉ ቆሜ አየሁት። አንዱን ያነሳል፣ ጠርዙን በአመልካች ጣቱ ይዳብሳል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ይመልሳል፤ ሌላ ያነሳል። እናቴ መርካቶ ጨርቅ ስትገዛ ትዝ አለችኝ፤ በጣቶቿ መሃል ሳታሽ ዋጋ አትጠይቅም ነበር። ብዙ ዲስክ እኮ አራት ቁጥር ይሰጠዋል፤ ፍጥነቱን፣ አየር ላይ መቆየቱን፣ መጀመሪያ ምን ያህል እንደሚዞርና ሊያርፍ ሲል ምን ያህል እንደሚያዘነብል የሚናገር። ኢኖቫ የሚያመርተው ዝነኛው አቪያር ለምሳሌ 2፣ 3፣ 0፣ 1 ነው። ቁጥሩ ይሄን ሁሉ ከነገረህ ዳበሳው ምን ያደርጋል? አልኩት።

«ጋሼ፣ እስቲ ያዘው» ብሎ ሁለት ሰጠኝ። የአንደኛው ጠርዝ ከሥሩ ልሙጥ ነው፤ ጣት ምንም ሳያጋጥመው ያልፋል። የሌላው ጠርዝ ግርጌ ላይ ግን ዙሪያውን የሚዞር ቀጭን ጉብታ አለ፤ እነሱ ቢድ ይሉታል። አንዱን ሰው ቢዱ ጣቱን የት እንደሚያሳርፍ ይነግረዋል፤ ሌላው ዲስኩን ሲለቅ ጣቴን ይይዝብኛል ብሎ ይሸሸዋል። በረራውንም ይነካዋል፤ ቢድ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ለቀኝ እጅ ወርዋሪ መጨረሻ ላይ ወደ ግራ ጠንከር ብሎ ያዘነብላል። ከዚያ ደግሞ የጠርዙ ጥልቀት አለ፤ ረጅም ጣት የሚደላው ጥልቀት አጭር ጣት ያስጨንቃል። ጀርባው ጉብ ያለ ነው ወይስ ዝርግ? አውራ ጣት የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። ፕላስቲኩስ? ርካሹ እጅ ላይ ይይዛል፣ ዛፍ ሲመታ ግን ቶሎ ይጎዳል፤ ውዱ ይበረክታል፣ አንዳንዱ ግን ያንሸራትታል። ብርድ ሲመጣ ደግሞ ሁሉም ይደርቃል። በሐምሌ ሙቀት ሱቅ ውስጥ የወደድከው፣ ጥር ላይ ሜዳ ስትወጣ ጣውላ ሆኖ ይጠብቅሃል።

ልብ በሉ፤ ልጁ መጀመሪያ ያለኝ «ይሄኛው ደስ ይለኛል» ብቻ ነበር። ጠበቅ አድርጌ ስይዘው ግን ደስታው አድራሻ አወጣ። ጉብታ፣ ጥልቀት፣ ልስላሴ እያለ ቆጠረልኝ። እጁ ያወቀውን ምላሱ ዘግይቶ ደረሰበት እንጂ ባዶ ሜዳ ላይ አልቆመም። ስለዚህ «ለእጄ ተመቸኝ» የሚለውን ሰው ሰነፍ ነው ብዬ ለመፍረድ አልቸኩልም።

ግን ትራፊ አለ። ቢድ የሌላቸው፣ ጥልቀታቸው እኩል፣ ፕላስቲካቸው አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት ዲስኮች ሰጠሁት። አንዱን መለሰልኝ። ለምን? «እኔንጃ፣ ጋሼ።» በቃ፣ ይሁንለት። ገንዘቡ የሱ፣ እጁም የሱ፤ ቢስትም የሚሸነፈው እሱ ነው። የተመለሰው ዲስክም መደርደሪያው ላይ ቁጭ ብሎ አያለቅስም። እዚህ ላይ ምክንያት አምጣ ማለት ነገር ፍለጋ ይሆናል።

ለነገሩ ይሄ መመቸት የሚባለው ነገር እንደምናስበው የተገኘ ብቻ ሳይሆን የተሠራም ነው። ፖል ማክቤዝ የሚባል ተጫዋች አለ። እ.ኤ.አ. ከ2012 እስከ 2015 በተከታታይ አራት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው በኢኖቫ ዲስኮች ነው። በ2019 ወደ ተፎካካሪው ዲስክራፍት ሄደ፤ ፑተሩም አብሮ ተቀየረ። የለመደውን ጠርዝ ያጣ እጅ ምን ይሆናል ሲባል፣ በዚያው ዓመት አምስተኛውን ዋንጫ ወሰደ። በ2021 ከዚሁ ኩባንያ ጋር የ10 ዓመት፣ የ10 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመ። እጅም ለካ ውል ያከብራል! ነባሮቹ ለጀማሪ የሚሰጡት ምክርም ይሄንኑ ይመስላል፤ አንዱን ምረጥ፣ ከዚያው ዓይነት ሁለት ሦስት ግዛ፣ ሺህ ጊዜ ወርውር፣ ሌላ አትመልከት። ከሺህ ውርወራ በኋላ የማይመች ጠርዝ ጥቂት ነው። ይገባል ብሎ የሚወረውር ሰው እጁ አይንቀጠቀጥም፤ እጁ ስላልተንቀጠቀጠም ይገባል።

ዊልያም ጄምስ የተባለው አሜሪካዊ ፈላስፋ እ.ኤ.አ. በ1896 «የማመን ፈቃድ» በተሰኘው ጽሑፉ ያነሳው ይሄንን ነበር። አንዳንድ እውነት አስቀድሞ ካላመኑበት አይወለድም። ምሳሌው ግን የሰው ለሰው ነው። ይወደኛል ብዬ ቀርቤህ ፊቴን ካበራሁልህ ትወደኝ ይሆናል፤ ማስረጃ እስካገኝ ብዬ ራቅ ብዬ ከቆምኩ ግን መወደዱም ሳይመጣ ይቀራል። ጄምስ ይሄን የጻፈው ለእምነት ጥብቅና ሲቆም ነው፤ መልካሙን ገጽ አሳየ። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላው ገጽ ነው። አይመቸኝም ብዬ ብጀምርስ? ፊቴን አጠቁርብሃለሁ፣ ትደናገራለህ፣ ትንተባተባለህ። እኔም «አላልኳችሁም?» እላለሁ። ዲስክ ስንጠላው አይደናገርም፤ ሰው ግን ይደናገራል።

አማርኛችን ደግሞ ለዚህ ስም አለው። አንዱን ደመ ግቡ፣ ሌላውን ደመ መራራ እንላለን። ቃሉን ገልበጥ አድርጋችሁ እዩት። የጠላሁት እኔ ነኝ፤ መራራ የተባለው ግን የሱ ደም ነው! የኔን ጣት ስሜት ወስጄ እሱ ውስጥ ቀበርኩት፣ ከዚያም እንደ ተፈጥሮው ቆጠርኩበት። የእህቴ ልጅ «ይሄ ፑተር ለእጄ አልተመቸኝም» ሲል ስለ እጁም እየተናገረ እንደሆነ ያውቃል፤ ለሌላ ሰው ሊመች እንደሚችል አይጠራጠርም። «ደመ መራራ ነው» የሚል ሰው ግን ራሱን ከዓረፍተ ነገሩ አውጥቷል። በዚህ በኩል ከእኛ ይልቅ ዲስክ ወርዋሪው ጨዋ ነው።

እዚያው አዲስ አበባ ሳለሁ፣ ስሙን በማልጠቅሰው መሥሪያ ቤት፣ የቅጥር ኮሚቴ አባል ነበርኩ። ለአንድ ቦታ ከቀረቡት ውስጥ በጽሑፍ ፈተናው አንደኛ የወጣችው አንዲት ልጅ ነበረች። ለቃለ መጠይቅ ገባች። ሰብሳቢያችን ገና ከበሩ ስትገባ አንገቱን ወደ ወረቀቱ ደፋ፤ ስትናገር ሰዓቱን አየ። የመጀመሪያውን ጥያቄ በደንብ መለሰች፤ ሦስተኛው ላይ ድምፅዋ ወረደ፤ አምስተኛው ላይ ዝም አለች። ስትወጣ «አልተመቸችኝም» አለ። ምኗ? «እንዲሁ።» ዕውቀቷ? «እሱስ ደህና ነው።» ልምዷ? «ይበቃል።» ታዲያ? «በቃ፣ ደሜ አልወሰዳትም።»

የእህቴን ልጅ እንዳደረግሁት ጠበቅ አድርጌ ያዝኩት። ቢዱ የት ጋ ነው? ጥልቀቱ? ፕላስቲኩ? ያኔ እነዚህን ቃላት ባላውቃቸውም የጠየቅሁት እሱን ነበር። ቢመልስልኝ፣ ለምሳሌ ቦታው ባለጉዳይ ማረጋጋት ይጠይቃል፣ እሷ ግን ስትጨነቅ ትዘጋለች ቢለኝ፣ እከራከረው ነበር፤ ምናልባትም ያሳምነኝ ነበር። አድራሻ የሌለው ስሜት ግን ክርክር አይገባለትም። ሰው ደግሞ መደርደሪያ ላይ የሚመለስ ዕቃ አይደለም፤ እንጀራ ሊፈልግ መጥቶ ባዶ እጁን ወደ ቤቱ ይሄዳል። ዋጋውን የሚከፍለው መራጩ ሲሆን «እንዲሁ» ይበቃል። ዋጋውን ሌላ ሰው በሚከፍልበት ቦታ «እንዲሁ» ማለት በሰው ኪስ መጫወት ነው።

ድምፅ ተሰጠ፤ ሦስት ለአንድ። ልዩነቴ በቃለ ጉባኤው እንዲሰፍር ጠየቅሁ፤ ጸሐፊዋ ሳትከራከር ጻፈችልኝ። ወረቀቱን ስፈርም አየሁት። የኔ ተቃውሞ አራት መስመር ይዟል። ልጅቷ ስም ትይዩ፣ «ያልተመረጠችበት ምክንያት» በሚለው ሳጥን ውስጥ፣ አንድ አጭር ሰረዝ አለች።