ማን ለማን ይጎንበስ?

አሮጌና አዲስ የዳንስ ሙዚቃ ሳያቋርጡ አዋሕዶ ማጫወት ተራ የእጅ ሙያ ይመስላል፡፡ ጠጋ ብሎ ለተመለከተው ግን ከሥሩ የፍትሕ ጥያቄ አለበት፡፡ ሁለቱ እኩል እንዲራመዱ ማን ለማን ይጎንበስ?

ነገሩን በቺካጎ ከተማ እንመልከተው፡፡ ፍራንኪ ናክልስ የተባለው ዲጄ እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ ዌርሃውስ በሚባል ክለብ፣ ሌላው ቦታ ፊት ለሚነሣቸው ጥቁርና ላቲኖ ወጣቶች ዲስኮ ያጫውት ነበር፡፡ በጁላይ 12 ቀን 1979 በዚያችው ከተማ፣ በኮሚስኪ ፓርክ ስታዲየም፣ የተከማቹ የዲስኮ ሸክላዎች በአሥር ሺሕ በሚቆጠር ሕዝብ ፊት በፈንጂ ጋዩ፡፡ ናክልስ ግን አሮጌዎቹን አልጣላቸውም፡፡ በቴፕ ላይ እየቆረጠና እየቀጠለ አስረዘማቸው፤ ቆይቶም የኤሌክትሮኒክ ከበሮ ደገፋቸው፡፡ ‹‹ሀውስ›› የተባለው ሙዚቃ ስሙን ያገኘው ከዚያ ክለብ እንደሆነ ይነገራል፡፡

እዚህ ላይ ችግሩ ይመጣል፡፡ በአሮጌው ሸክላ ላይ ከበሮ የሚመታው ሰው ነው፤ ሲሞቀው ይፈጥናል፣ ሲረጋጋ ይዘገያል፡፡ አዲሱን የሚመታው መሣሪያ ግን ከተለቀቀበት ፍጥነት ንቅንቅ አይልም፡፡ ዲጄዎች የሚያዘወትሩት ቴክኒክስ 1200 የሸክላ ማጫወቻ ፍጥነትን እስከ 8 በመቶ ያሳድጋል፣ ይቀንሳል፡፡ በደቂቃ 120 ምት ያለውን ዘፈን ወደ 126 ለማድረስ 5 በመቶ ይበቃል፡፡ ታዲያ ፍጥነቱ ሲጨምር የዘፋኟም ድምፅ አብሮ ይቀጥናል፡፡

አንዳንዱ፣ ዘመኑ የአዲሱ ነውና አሮጌው እየሮጠ ይከተል ይላል፡፡ ሌላው አሮጌው ከቶ አይነካ ይላል፡፡ የፊተኛው ያለፈውን ሰው ሎሌ ያደርገዋል፤ የኋለኛው ደግሞ በሣጥን ቆልፎ አከበርሁት ይላል፡፡ በእኔ እምነት ሁለቱም ድካም የሸሹ ናቸው፡፡

ሸክሙ በመካከል የቆመው የአጫዋቹ ነው፡፡ ጥሩ ዲጄ አሮጌውን ጥቂት ያፈጥናል፤ አዲሱንም ጥቂት ያዘገያል፡፡ ጣቱን ከሸክላው ጠርዝ ሳያርቅ፣ ያ ከበሮ መቺ በሞቀው ቁጥር አብሮት ይሞቃል፣ በዘገየ ቁጥር ይጠብቀዋል፡፡ ሽማግሌና ወጣት የሚያስታርቅ ሰው ሥራም ከዚህ የራቀ አይደለም፤ ሁለቱንም እያዳመጠ የሚደክመው እሱ ነው፡፡

ይህም ሆኖ ወሰን አለው፡፡ ዘፋኟ ድምፅዋ እስኪለወጥ መሮጥ ካለባት ውሕደቱ ይቅር፡፡ እሷ ብቻዋን ዘፍና ትጨርስ፤ አዲሱ ተራውን ይጠብቅ፡፡